«አይዞሽ» ያላለኝ ሰው

ጅግሶ መሞቱን የነገረችኝ ከወናጎ ቡላ የምታመጣልኝ ደንበኛዬ ናት። ሸክሟን ደጃፌ ላይ አወረደችና ወገቧን ይዛ፣ «ያ ድሮ ሐኪም ቤት አብሮሽ ይሠራ የነበረው ሽማግሌ፣ ጅግሶ፣ ባለፈው ሳምንት አረፈ» አለችኝ።

ከአፌ የወጣው ቃል «እፎይ» የሚል ነበር።

ሴትዮዋ ደነገጠች። አጠገቤ የቆመችው ልጄም ደነገጠች። «እማዬ! ሰው ሞቶ እፎይ ይባላል?» አለችኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ምሳ እስኪቀርብ ድረስም ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

ልጄ እውነቷን ነው፤ አይባልም። ግን እኔና ያ ሰው አንድም ቀን በሰላም ተያይተን አናውቅም። ሲያየኝ ፊቱ ይጠቁር ነበር፤ እኔም ድምፁን ስሰማ ፊቴን አዞር ነበር። ዛሬም ቢሆን ወደድኩት ብል እዋሻለሁ። ይሁንና በእነዚህ እጆቼ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቁስል ማጠብ የቻልኩት በእሱ ምክንያት ነው። ልጄ ይህን አታውቅም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ጣሊያን ዲላ ሲገባ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ዘምቶ አልተመለሰም። ከወናጎ ወዲያ የነበረን መሬትና ገባሮቹ ጣሊያን በገባ በወሩ ከእጃችን ወጡ፤ እናቴ፣ እኔና ሦስት ታናናሾቼ ከተማው ዳር በአንዲት ጎጆ ቀረን። ረሃቡ ሲጠናብን ሐኪም ቤት ገባሁ። በየሳምንቱ ዱቄት ይሰፈርልኛል፤ ሥራዬ ቁስል ማጠብ ነው። «ለጣሊያን ታጥባለች» ተብሎ ጎረቤት ሰላምታ ነሣን። አብራኝ ያደገችው ልጅ እንኳ መንገድ ላይ ስታየኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ታልፍ ነበር።

ሐኪም ቤቱ ከአንድ ነጋዴ የተወሰደ የቆርቆሮ ቤት ነው። ከፊት ያሉት ክፍሎች ለነጮቹና ጣሊያን ከሌላ አገር ላመጣቸው ወታደሮች፣ ለአስካሪዎቹ ነበሩ። ከኋላ ያለው፣ ቀድሞ የቡና ጆንያ ይከመርበት የነበረው መጋዘን፣ ለአገሬው ሰው ነበር። «ዶቶሬ» የምንለው አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም አለ። ሰዒድ አስተርጓሚ ነው፤ የነጋዴ ልጅ ስለሆነ ቋንቋውን በንግድ ነው የለመደው፤ መድኃኒትም ያድላል። ባሏ የሞተባት እትዬ ሙሉነሽ ጨርቅና ፋሻ ታጥባለች። ጅግሶ ቃሬዛ ይሸከማል፤ የሞተም ይቀብራል።

ጅግሶ አጭር፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሲሄድ መሬቱን እየረገጠ የሚሄድ የጌዴኦ ሰው ነው። የገባሁ ዕለት ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። የአባቴን ስም ነገርኩት፤ በኩራት ነበር የነገርኩት። አጠገቤ ምራቁን ተፋና፣ «አውቀዋለሁ» ብሎ ቃሬዛውን አንሥቶ ሄደ። አባቱ የአባቴ ገባር እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ አምጣልኝ ስለው ባልዲውን መንገድ አጋማሽ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። የቀረውን ራሴ እሸከማለሁ። «አንተ» ማለቱንም አልተወም። አማርኛውን በትልቅነቱ ነው የለመደው፤ ወንዱንና ሴቱን ያደባልቃል። ሰዒድ «ቋንቋው ነው፣ አትቀየሚው» ይለኛል። ግን እትዬ ሙሉነሽን አንድም ቀን ሳይሳሳት «አንቺ» ነበር የሚላት። ስለዚህ እያወቀ ነው ብዬ ቂም ያዝኩበት።

በዚያ ክረምት ወደ ወናጎ የሚሄደውን መንገድ ይሠሩ ነበር። ቋጥኙን በድማሚት ነው የሚያፈርሱት። አንድ ጠዋት ሰዎቹ ገለል ሳይሉ ፈነዳ። ካሚዮኑ በዝናብ ውስጥ ጥሩምባውን እየነፋ ግቢ ሲገባ፣ በጀርባው ላይ ሰዎቹን እንደ ጆንያ ደራርቦ ነበር ያመጣቸው። ጭቃውና ደሙ አንድ ላይ ይወርዳል። ጅግሶና ሰዒድ እያወረዱ መጋዘኑ ውስጥ አስተኟቸው።

ለእኔ የደረሰኝ ወጣት ሰው ነበር። ጭኑ ተቀዷል፤ ደሙ በልቡ ምት ልክ ፊን ፊን ይላል። ጨርቅ ጠቅልዬ በሁለት እጄ ተጫንኩት። ደሙ ቆመ። ሰውየው ዓይኑን ከፍቶ አየኝ፤ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ያለው ግን አልተሰማኝም። ይህን ጊዜ ዶቶሬ ከፊተኛው ክፍል «ላሻ!» ብሎ ጮኸ፤ ተይው ማለቱ ነው። እዚያ አንድ አስካሪ ተኝቶ ይጣራል። እጄን አነሣሁ። ሄድኩ። የአስካሪው ጉዳት ሁለት የተሰበሩ ጣቶች ነበር። እሱን ይዤ፣ ዶቶሬ አስሮለት ስመለስ፣ ያኛው ሰው ከፊቱ እስከ እግሩ ተሸፍኗል።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ሥራ አለቀ። ነጠላዬን ለብሼ ልወጣ ስል ጅግሶ ከመቃብሩ ተመለሰ፤ አካፋው እስከ እጀታው ጭቃ ነው። የግቢውን በር ዘጋና ፊቱ ቆመ።

«ማንም አይሄድም» አለ። «ቁጭ በሉ።»

እትዬ ሙሉነሽ ጨርቅ ወደምትቀቅልበት ዳስ ነዳን ማለት ይቻላል። በርሜሉ ገና ይፈላል። ግንድ ላይ ተቀመጥን። «እኛ ጋ ሽማግሌ ሶንጎ ላይ ይቀመጣል፤ ነገር የያዘ ሰው እዚያ ይናገራል» አለ ጅግሶ። «እዚህ ሽማግሌ የለም። እኔ አለሁ። ዛሬ ዓይናችሁ ያየውን፣ እጃችሁ ያደረገውን ተናገሩና ሂዱ። እንዲህ ይዛችሁት ቤት ከገባችሁ ይበላችኋል።»

ደሜ ፈላ። «አንተ ማን ሆነህ ነው የምታዘኝ?» አልኩት። «የአባቴ ገባር ልጅ!»

«አዎ» አለኝ። «ቁጭ በል።»

ሰዒድ ጀመረ። እግሩ የተቆረጠ ሰው «እግሬ የት አለ?» ብሎ ጠይቆት ለዶቶሬ ተረጎመለት፤ ዶቶሬም አለ በለው አለው። «አለ አልኩት» አለ ሰዒድ። «ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ እግርህ አለ አልኩት። እሱም አመሰገነኝ።» ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። ጅግሶ ሰው ሲናገር ፊት አያይም፤ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተናጋሪውን እግር ነው የሚያየው። ሰዒድ ሲጨርስ «ሰማሁ» አለው። ሌላ ነገር አልጨመረም።

እትዬ ሙሉነሽ ቀጠለች። ከሞቱት የአንዱን ልብስ ስታወልቅ ከጉያው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ እንዳገኘች ተናገረች፤ ምሳውን ነው። «ምን ላድርገው? ለማን ልስጠው? ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። በላሁት» አለች። «የሞተ ሰው ምሳ በላሁ።»

እኔ «አይዞሽ እትዬ» ልላት አፌን ስከፍት ጅግሶ እጁን አነሣ። «እዚህ አይዞሽ የለም። አይዞሽ ስትለው ሰው ዝም ይላል። ዝም እንዲል አይደለም የተቀመጥነው።» ወደ እሷ ዞረና፣ «ጣፈጠሽ?» አላት።

ጭካኔው አስደነገጠኝ። እትዬ ሙሉነሽ ግን ቀና ብላ አየችው፤ «ጣፈጠኝ» አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው። አለቀሰች፣ አለቀሰች፤ ከዚያ አፍንጫዋን በቀሚሷ ጠርጋ ከበርሜሉ ሥር ያለውን እሳት ቆሰቆሰች።

«ሰማሁ» አላት።

ተራው የእኔ ሆነ። አልተናገርኩም። ለገባር ልጅ ምሥጢሬን አልሰጥም ብዬ ተነሣሁ። በሩን ከፈተልኝ።

በማግሥቱ ሥራ ስገባ እጄ እንቢ አለኝ። ሳህን አይጨብጥ፣ ፋሻ አይጠቀልል፤ ቁስል ላይ ላሳርፈው ስል ወደ ኋላ ይሸሻል። ዶቶሬ ሰደበኝ። በሦስተኛው ቀን የጠርሙስ መድኃኒት ከእጄ ወድቆ ሲሰበር ትቼ ቤቴ ሄድኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ዱቄቱ እያለቀ ነበር፤ እናቴ እያለቀሰች ትለምነኛለች። እኔ አልሰማትም። ዓይኔን ስጨፍን የማየው ያ ሰው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ነው።

ከሳምንት በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ በዝናቡ መሐል ጅግሶ ደጃችን ቆመ። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ «ምን ፈለግህ?» አለችው።

«ልጅህን ጥራ» አላት።

«እኔን ነው አንተ የምትለው? በጌታህ ቤት ደጃፍ ቆመህ?»

«አዎ። ጥራ።»

እናቴ በሩን ዘጋችበት። እሱም አልሄደም። አጥራችን ጥግ እንሰት ነበር፤ ቅጠሉ ሥር እንኳ አልተጠለለም። ጠዋቱን ሙሉ ዝናቡን እየጠጣ ቆመ። ታናሾቼ በግድግዳው ቀዳዳ እያዩ «አሁንም አለ» ይሉኛል። በመጨረሻ ላባርረው ተነሥቼ ወጣሁ።

«ሂድልኝ!»

«ንገረኝና እሄዳለሁ።»

«ምኑን?»

«እጅህ ያደረገውን።»

እንግዲህ ያኔ ነው የፈነዳሁት። እየጮህኩ ነገርኩት። ደሙን አቁሜው እንደነበር፣ ሰውየው ዓይን ዓይኔን ያይ እንደነበር፣ ጣሊያን ስለጮኸ ብቻ እጄን አንሥቼ ለሁለት ጣት ብዬ እንደገደልኩት። «ገደልኩት!» አልኩ። «ደስ ይበልህ! በአባቴ ላይ ያልቻልከውን በእኔ ላይ ተወጣኸው!»

ጅግሶ እንደ ልማዱ እግሬን ነው የሚያየው። ባዶ እግሬን ነበር የወጣሁት።

«ሰማሁ» አለ። ከዚያ፣ «አሁን እኔ ያየሁትን ስማ። ዶቶሬ አንዴ ጮኸ፤ አላነሣህም። ሁለተኛ ጮኸ፤ አላነሣህም። ሦስተኛ ሮጦ መጥቶ ክንድህን ይዞ ጎተተህ። ያኔ እጅህ ተነሣ።»

ክንዴን አየሁት። ከክርኔ በላይ ቢጫ የሆነ የጣት አሻራ ነበር። ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ ሰባት ቀን ተኝቼበታለሁ። በእኔ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ጩኸትና አንድ የተነሣ እጅ ብቻ ነበር የቀረው።

«እኔ ቃሬዛ ይዤ ቆሜ ነበር» አለ ጅግሶ። «ቃሬዛውን ጥዬ መጥቼ መያዝ እችል ነበር። ዶቶሬን ፈራሁ። አልያዝኩም። የእኔ ይሄ ነው።»

«ስለዚህ እኔ አልገደልኩትም ማለት ነው?»

«እሱን አላውቅም። ያየሁትን ነው የነገርኩህ።»

ዝናቡ በቆቡ ጠርዝ ይወርዳል። ሊሄድ ዞረና እንደገና ቆመ። «እኔ አልወድህም» አለኝ። «የአባትህ ፊት ነው ያለህ። ነገ ግን ና። ሰዒድ ቁስል ማጠብ አይችልም፤ ሰው ያስጮሃል።»

በማግሥቱ ሄድኩ። እጄ ጨበጠ።

ከዚያ ወዲያ ክፉ ቀን በዋለ ቁጥር ዳሱ ውስጥ እንቀመጥ ነበር። ጅግሶ አካፋውን ተክሎ «ተናገሩ» ይላል፤ እንናገራለን። ሰዒድ መንቀጥቀጡን ተወ። እኔም ተናገርኩ፤ ፊቱን እየጠላሁ፣ ድምፁን እየጠላሁ ተናገርኩ። እሱ ብቻ ነው የማይናገረው። እኛም አልጠየቅነውም።

አንድ ዘበኛ አስካሪ መሰብሰባችንን አይቶ ነገረ። ጣሊያኖቹ በዚያን ጊዜ ሦስት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካዩ ሽፍታ ነው የሚታያቸው። መኮንኑ መጥቶ ግቢው ውስጥ አሰለፈን። «ማነው የሰበሰባቸው?» አለ፤ ሰዒድ ድምፁ እየተቆራረጠ ተረጎመው። ጅግሶ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። «ምን ታወሩ ነበር?» ሲባል «የሞተ ሰው» አለ። ይህ መልስ እንደ ስድብ ተቆጠረበት። ፊታችን አስተኝተው በኩርባጅ ገረፉት። ዶቶሬ መስኮቱ ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ ግርፋቱ ሲያልቅ መስኮቱን ዘጋው።

መጋዘኑ ውስጥ በሆዱ አስተኝተን ጀርባውን የማጠብ ሥራ የእኔ ሆነ። አዲሶቹ ሰምበሮች ደም አዝለዋል። ከእነሱ ሥር፣ ከግራ ትከሻው እስከ ጎድኑ የሚወርድ አሮጌ ጠባሳ አለ፤ ቆዳው ተኮማትሮ ነጥቷል። ጨርቁን ወደዚያ ሳስጠጋ ፊቱን ሳያዞር፣

«ያኛውን ተወው» አለኝ። «ያ የአባትህ ነው። ደርቋል።»

እጄ ቆመ። ከዚያ እሱንም አጠብኩት። በኋላ እናቴን ስጠይቃት፣ ማር ተሸክሞ ሲመጣ ጋን ሰብሮ ነው አለችኝ። ጋኑ ከየት እንደተገዛ ሳይቀር ታስታውሳለች፤ የተገረፈውን ልጅ ግን አታስታውሰውም።

አጥቤ ስጨርስ አልሄድኩም። ሰዒድንና እትዬ ሙሉነሽን ጠራኋቸው። ቃሬዛው ዙሪያ ተቀመጥን።

«ተናገር» አልኩት።

«ሂዱ ከዚህ።»

«ፈሪ ነህ» አልኩት። «ሰውን ታስለቅሳለህ፤ አንተ ትፈራለህ።»

እትዬ ሙሉነሽ «ተይ እንጂ» ብላ ቆነጠጠችኝ። እሱ ግን አፉን ከቃሬዛው ሸራ ላይ ሳያነሣ መናገር ጀመረ። ያ ጭኑ የተቀደደው ሰው በራሶ ይባላል። የአጎቱ ልጅ ነው። ከካሚዮኑ ሲያወርደው ነው ያወቀው፤ በገዛ እጁ ቀበረው፤ በዚያው ጭቃማ አካፋ ተመልሶ እኛን አስቀመጠን። የበራሶ እናት ግን በሳምንት በሳምንቱ በእግሯ እየመጣች ልጄን አይተኸዋል ወይ ትለዋለች። «መንገድ ሥራ ላይ ነው፣ ሩቅ ወስደውታል፣ ደህና ነው እላታለሁ» አለ። «ቆጮ ጠቅልላ ስጥልኝ ትለኛለች። እቀበላታለሁ።»

እትዬ ሙሉነሽ አፏን በእጇ ያዘች።

እኔ ደግሞ ያንን ዕለት አሰብኩት፤ ደጃችን በዝናብ ቆሞ የሰማኝን። ገደልኩት እያልኩ የጮህኩበት ሰው የሟቹ ወንድም ማለት ነበር። ያኔ አንድ ቃል ብሎ ሊሰብረኝ ይችል ነበር፤ አላለም። ልለው የምፈልገው ብዙ ነገር ነበር። ግን የዳሱ ደንብ «አይዞህ የለም» ነው።

«ሰማሁ» አልኩት። ሰዒድም «ሰማሁ» አለ። እትዬ ሙሉነሽም።

ጀርባው እንደ ደረቀ አንድ ጠዋት ፈቃድ ሳይጠይቅ ወደ ወናጎ ሄደ። ለሴትዮዋ ነገራት። አመድ በፊቱ ላይ በተነችበት አሉ፤ ከዚያ መቃብሩን አሳየኝ ስትለው ይዟት መጣ። ጉድጓዱን ጠቁሟት ርቆ ቆመ። ዶቶሬ ስለ ቀረበት ቀን ሊቆጣ ወጥቶ ሴትዮዋን ሲያይ ተመልሶ ገባ።

ጣሊያን ሲወጣ ጅግሶ በዚያው ቀን ቃሬዛውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሄደ። ደህና ሁኑም አላለን። የአባቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ ከስደት ተመልሶ የአባቴን መሬት ሲያስጠይቅ፣ ገባር አልሆንም ብሎ ፊት ለፊት የቆመው እሱ ሆነ። አጎቴ ጉዳዩን ዳኛ ፊት አቀረበና እኔን በምስክርነት ጠራኝ፤ ጅግሶ የጣሊያን አገልጋይ፣ ባንዳ እንደነበረ እንድናገርለት። ዳኛው ፊት ቆሜ፣ «በአንድ ቤት ነው የሠራነው። እሱ ባንዳ ከሆነ እኔም ባንዳ ነኝ። በዚያ ቤት ለሰው ሲል ሲገረፍ ያየሁት ግን እሱን ብቻ ነው» አልኩ። አጎቴ ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱን እንዳልረግጥ ከለከለኝ። እናቴም እስክትሞት ድረስ ቅር እንዳላት ነበር። ጅግሶ ረታ። የችሎቱ በር ላይ ስንተላለፍ ያመሰግነኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ባትናገርም እረታ ነበር» ብሎኝ አለፈ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የመንግሥት ሐኪም ቤት ሠራተኛ ሆኜ ለፈንጣጣ ክትባት ወናጎ ወርጄ፣ ከጓዶቼ ጋር ከቤት ቤት ስንዞር አንድ ግቢ ገባን። ጅግሶ ጠጉሩ ነጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። እሱም አወቀኝ፤ እኔም አወቅሁት። ሰላም አልተባባልንም። የልጅ ልጆቹን ከተብኩ፤ እጃቸውን እየያዝኩ ስከትብ ዓይኑን ከእጄ ላይ አላነሣም። ሚስቱ በጌዴኦኛ «ይቺ ማናት?» አለችው።

እኔ ቋንቋውን በሐኪም ቤት ዓመታት ለምጄዋለሁ። እሱ ይህን አያውቅም።

«ጠላታችን ናት» አላት። «ውኃ ስጧት።»

ሴትዮዋ በቅል ሙሉ ውኃ አመጣችልኝ። ቆሜ ጠጣሁት፤ እስከ መጨረሻው።